ያልተቆረጠው ሱሪ

አሰብ፣ ኅዳር 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ብርቅነሽ፣

ከዚህ ከባሕሩ ዳር ሰላምታዬ ጉለሌ ድረስ ይድረስልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሽሮ ሜዳ ያለው ሱቅዎስ? እኛ ከሙቀቱ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ እመቤታችን እርስዎንም ቤትዎንም ትጠብቅልን።

ዝምድናችን በአያት በኩል ራቅ ያለ ቢሆንም፣ ወደብ ሥራ አግኝቼ ስወጣ ብርድ ልብስ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ለአሰብ ብርድ ልብስ! እስካሁን እንደተጠቀለለ አለ። ዛሬ የምለምንዎትም በዚሁ ዝምድና ተመክቼ ነው።

ልጄ አምኃ ለጥምቀት አሥራ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። ከኳስ በቀር ወሬ የለውም። በመጪው ታህሳስ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ እንደሚደረግ በራዲዮ ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። እዚህ የሚጫወቱት ጨው በተቀላቀለው አሸዋ ላይ ነው፤ ሣር ያለበት ሜዳ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሱ ኳስ ወዳድ ስለሆነ ፈቅዶለታል። ለሁለት ሳምንት ቢቀበሉልኝ፣ ስታዲየሙን፣ አንበሳ ግቢን፣ እንጦጦን ቢያሳዩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

በየጥምቀቱ ቁመቱን በበሩ መቃን ላይ በከሰል አሰምራለሁ። ቁመቴን ያውቁታል፤ ዘንድሮ ቅንድቤ ላይ ደርሷል! ለመንገዱም ከመርከብ በወረደ ግራጫ ጨርቅ ረጅም ሱሪ አሰፋሁለት፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ለብሶ ሲወጣ ጎረቤቶቼ «ወንድምህ መጣ እንዴ?» ይሉኛል። የሚያመጣው ጀላል የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የታመነ ሰው ነው።

ባለቤቴ ጽጌረዳ እጅ ነስታለች።

ታናሽ ወንድምዎ ላቀው

ጉለሌ፣ ኅዳር 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ከነቤተሰብህ ክፉ አይንካህ። ጉልበቴ ዳገቱን ይጠላል፤ ሱቁ ግን እንዳለ ነው።

ልጁ ይምጣ። ቤቴ ሰፊ ባይሆንም ለአንድ ልጅ አይጠብም። ከቀበሌህ የእንግዳ ደብዳቤ አጽፈህ ላክ፤ በመጣ ዕለት ማስመዝገብ አለብኝ። ብርድ ልብሱንም ላከው። እዚህ ይጠቅማል።

አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሃለሁ። ረጅሙን ሱሪ አታልብሰው። አጭር ሱሪ አልብሰህ ላከው፤ የትምህርት ቤቱ ካርድም ከኪሱ አይለይ። ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ልብስ በሰው ላይ ስንት ዓመት እንደሚጨምር አውቃለሁ። በዚህ ወራት በዚህ ከተማ በልጅ ላይ ዓመት መጨመር ጥሩ አይደለም። ከዚህ በላይ በወረቀት አላብራራም፤ አንተም ብልህ ነህ።

መልስህን ሳላገኝ እንዳትልከው።

እህትህ ብርቅነሽ

አሰብ፣ ኅዳር 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጤናዎን ወሬ ሁልጊዜ ያሰማኝ።

መልስዎን እየጠበቅሁ ሳለ ጀላል ጭነት ድንገት ደረሰለትና ዛሬ ማለዳ ተነሣ። ሌላ ጭነት መቼ እንደሚያገኝ ስለማይታወቅ፣ እንደማያሳፍሩኝ ተማምኜ አምኃን አሳፈርኩት። ይቅርታዎን እለምናለሁ። የቀበሌ ደብዳቤ ይዟል። ካርዱን እናቱ «ይጠፋል» ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ብርድ ልብሱም አብሮት አለ።

ሱሪውን ለብሶ ሲሄድ ቢያዩት! ጋቢና ውስጥ ሲቀመጥ ጀላል «የማን አለቃ ነው የተሳፈረው?» ብሎ አሳቀን።

እንግዲህ ካላስቸገርኩዎ፣ እውነተኛ የቆዳ ኳስና ቁጥሩ አርባ የሆነ የኳስ ጫማ ቢፈልጉለት። ወጪውን በጀላል እልካለሁ። መድረሱንም በቶሎ ያስታውቁኝ።

ላቀው

ጉለሌ፣ ታህሳስ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣

እግዚአብሔር የምትሠራበትን ወደብ ይባርክ። ልጅህ በሰላም ደርሷል። የእኔ ደብዳቤ ግን መንገድ ላይ ከአንተው ጋር ተላልፏል፤ አሁን ደርሶህ ይሆናል።

በየማታው የዋልኩበትን የመጻፍ ልማድ አለኝና ከዚያው ላይ እየገለበጥኩ ልንገርህ። ጀላል ልጁን በሬ ላይ ሲያወርደው «እትዬ፣ ረዳቴን አደራ» አለኝ። ለካ ቀልድ አልነበረም፤ ኬላ ላይ «የረዳትህ መታወቂያ የት አለ?» ብለው ጠይቀውታል። ይህን ስሰማ የልጁን ፊት ትቼ ሱሪውን አየሁ።

በማግሥቱ ፈድሉን ጠራሁት። ፈድሉ ከሱቄ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ነው። መቀሱን አነሣና «ልቁረጠው?» አለኝ። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት። እንዲህ ያለ ጨርቅ እዚህ ካየሁ ቆይቻለሁ።

«እጠፈውና እስከ ጉልበቱ ጥለፈው» አልኩት። «ጥሩ ጨርቅ አይቆረጥም።»

«እትዬ፣ ጥልፍ እኮ ክር ነው፤ በጥርስ ይፈታል።»

«ሥራህን ሥራ።»

አምኃ አኮረፈ። «ተማሪ ልመስል ነው?» አለኝ።

«ተማሪ አይደለህ እንዴ?»

«ረጅም ነኝ እኮ እትዬ!»

«ለዚህ ነው የምናሳጥርህ።»

ከዚያ በኋላ ግን ደኅና ሆንን። አንበሳ ግቢ ወሰድኩት። አንበሳው ተኝቶ ነበር። «እንደ እኛ በረኛ ነው፤ ኳስ ሲመጣ ይተኛል» ብሎ በዙሪያችን ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀ። እንጦጦ ስንወጣ ትንፋሽ አጠረውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከተማውን ቁልቁል እያየ «እዚህ ቢጫወቱ የሳተ ኳስ የት ይደርሳል?» አለኝ። «እስከ ሱቄ» አልኩት። በአፉ ባይስቅም በዓይኑ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ዊንጌት ትምህርት ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይጫወታል። «ጨው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ካፊያ ሲጥል «ጨው፣ ሳትሟሟ ግባ!» ይሉታል። እሱም ሦስት አግብቶባቸው ተመለሰ።

ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። ሸጎሌ በግ ለመግዛት አብሮኝ ሄዶ አንዱ ነጋዴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ይህን ጎረምሳ ስንት ትይዋለሽ?» አለኝ። የገበያ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የቀበሌያችን ዘብ ታረቀኝም ትናንት በር ላይ አስቁሞኝ «እንግዳዎ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩት። ቀና ብሎ አየውና «እንደዚያ ከሆነ ደጅ ላይ ብዙ ባይቆም ጥሩ ነው» አለኝ። ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደለም።

እሁድ ስታዲየም እንገባለን። እኔው ራሴ እወስደዋለሁ። ካርዱን ግን ላክልኝ።

ብርቅነሽ

ቴሌግራም፣ ከአዲስ አበባ፣ ታህሳስ 11 ቀን 1980

የአምኃን የትምህርት ቤት ካርድ በአስቸኳይ በአውሮፕላን ላክ። ደብዳቤ ይከተላል። ብርቅነሽ

ጉለሌ፣ ታህሳስ 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣

አምላክ ልብህን ያጽናልህ። ቁጭ ብለህ አንብብ። ለጽጌረዳ መቼ እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ።

ልጁ ትናንት ከስታዲየም ስንወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ከሚሰበሰቡት ጋር ተይዟል። በሕይወት አለ፤ አልተመታም፤ ያለበትን ቦታ አውቃለሁ። ዓርብ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንገባ ሣሩን አይቶ «እውነተኛ ነው?» አለኝ። እስከ ዕረፍት ድረስ እጁን እንደ ጸሎት አጣጥፎ ተቀመጠ። በዕረፍት ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ከወገቡ በታች አላየሁትም። ለካ ጥልፉን በጥርሱ ፈትቶታል። ሲያልቅ በሩ ላይ ሕዝቡ ለየን። ራሱ ከሰው ሁሉ በላይ ይታየኝ ነበር፤ ወታደሮቹም የሚያዩት ያንኑ ነበር። ደርሼ «ልጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው!» ብል፣ አሥር አለቃው «እናት፣ አሥራ ስምንት ነኝ ብሎ የነገረን ራሱ ነው» አለኝ። ውሸት መስሎኝ ነበር።

መኪናቸውን በታክሲ ተከተልኩ። አንድ የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አስገቧቸው። ዛሬ ማለዳ ዳቦ ይዤ ሄጄ በአጥሩ በኩል አናገርኩት። ያለቅሳል ብዬ ነበር። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ጠበቀኝ።

«እትዬ፣ ለጦሩ ቡድን ተመረጥኩ! ለአባዬ ይንገሩልኝ!»

ከወታደሮቹ አንዱ በር ላይ «ኳስ ትችላለህ? እኛ ጋ ቡድን አለ፤ አሥራ ስምንት ከሞላህ ና» ብሎታል። እሱም ሞልቶኛል አለ። ስሙ አጠገብ አሥራ ስምንት ተብሎ ተጽፏል፤ ፈርሟል። «ልጄ፣ ዕድሜህን ንገራቸው» ስለው «እንዳያስቀሩኝ ዝም ይበሉ» ብሎ ለመነኝ።

እንግዲህ ጭንቄ ሁለት ነው። አንዱ የእነሱ መዝገብ ነው፤ ለሱ ካርዱ ያስፈልገኛል። ሁለተኛው የልጁ አፍ ነው፤ ለሱ ገና መላ አላገኘሁም።

አንተ አትምጣ። የይለፍ ወረቀት እስክታወጣ ዓርብ ያልፋል። ሱሪውን አለመቁረጤ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ እሱ ከዓርብ በኋላ እንነጋገራለን።

ብርቅነሽ

አሰብ፣ ታህሳስ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ብርቅነሽ፣

ቴሌግራምዎ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ካርድ ለምን እንደሚያስፈልግ አይናገርም። ታሞ ሆስፒታል ቢገባ ካርድ አይጠይቁም። ወይስ ለስታዲየም መግቢያ ነው? ጽጌረዳ ስትጠይቀኝ እንደዚያ ነው ያልኳት። ከሳጥኑ አውጥታ በሁለት ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። የነገው አውሮፕላን ላይ ለሚሳፈር ሰው አደራ ብዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ሱቅዎ ድረስ ያመጣዋል።

ይህን ልዘጋ ስል ፖስታ ቤቱ የኅዳር 20 ደብዳቤዎን ሰጠኝ። የሱሪውን ነገር አሁን ገና አነበብኩ። ቴሌግራሙንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኳቸው። እዚህም ባለፈው ወር የወደብ ልጆች ሲቀንሱ አይቻለሁ። የኔ ግን ሕፃን ነው ብዬ አላሰብኩትም። ሰው ሁሉ «ወንድምህ ነው?» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ኳሱና ጫማው ይቅሩ። ልጁን ብቻ ይላኩልኝ። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ።

ላቀው

ቴሌግራም፣ ከአሰብ፣ ታህሳስ 15 ቀን 1980

ዝምታዎ ገደለን። አለ ወይስ የለም። ላቀው

ጉለሌ፣ ታህሳስ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለላቀው፣ ለጽጌረዳም፣

የሰማይ አምላክ ከእንዲህ ያለ ሳምንት ይሰውራችሁ። «ወጥቷል» የሚለው ቴሌግራሜ ቅዳሜ ደርሷችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። አምኃ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ዳቦ ይበላል። እንዴት እንደወጣ ግን በቴሌግራም የሚነገር አይደለም።

ካርዱ ሐሙስ ደረሰኝ። ይዤው ብሄድ በረኛው አላስገባኝም። ዓርብ ማለዳ ከፈድሉ ጋር ተመለስኩ፤ ታረቀኝም የቀበሌውን ክንድ ጨርቅ አድርጎ ሳልጠይቀው ተከተለን። በእሱ ምክንያት ገባን። መኪኖቹ ሞተራቸው ተነሥቶ ቆመዋል። ልጆቹ በአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ጠና ያሉ መቶ አለቃ አሉ፤ እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ።

ካርዱን አነበቡት። «እናት፣ ወረቀት አሥራ ሁለት ይላል፤ አፉ አሥራ ስምንት ብሏል። እዚህ ወረቀት ይዛ የማትመጣ እናት የለችም። እኔ የምይዘው አፉን ነው» አሉኝ።

«እናቱ አይደለሁም» አልኳቸው። «ነጋዴ ነኝ። እዚሁ ፊትዎ ላናግረው ይፍቀዱልኝና አፉን ይያዙት።»

ትንሽ አስበው አስጠሩት። አምኃ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሱሪው ከጉልበቱ በታች የታጠፈበት ምልክት ገና አለ። ልለምነው አልፈለግሁም፤ የተለመነ ልጅ ይብስበታል። በሱቄ እንደማናግረው ገዢ አናገርኩት።

«ዕቃ ገዝተሃል አሉ» አልኩት።

«ምን ዕቃ?»

«ቡድን። አይተኸዋል?»

«ገና ነው።»

«ሳታየው ፈረምክ? ፈድሉ እንኳ ቁልፍ ሲገዛ በጥርሱ ነክሶ ያያል። ንገራቸውና ኳሱን ያሳዩህ። ኳሱን ካሳዩህ እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

እሱም አሰበበት። ልጅህ ሞኝ አይደለም። ያንኑ የስታዲየሙን አሥር አለቃ ዞር ብሎ አየውና በደቃቃ ድምፅ «ጓድ፣ ኳሱ የት ነው?» አለው።

ወታደሮቹ ሳቁ። አሥር አለቃው «አይዞህ፣ እዚያ ስትደርስ ይሰጥሃል። ቀለበቷን ነቅለህ የምትወረውራት ኳስ ናት» አለው። እንደገና ሳቁ። በአጥሩ ሥር ከተቀመጡት ግን አንድም አልሳቀም። አምኃ ያየው እነሱን ነው። ምናልባት ከእሁድ ጀምሮ ያኔ ገና ማየቱ ነበር። ከዚያ ጡት እንደጣለ ሕፃን ንፍጡን ሳይጠርግ አለቀሰ።

«እማዬ ጋ ውሰዱኝ» አለ።

መቶ አለቃው «ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት።

«አሥራ ሁለት። ለጥምቀት አሥራ ሦስት።»

ሳቁ ቆመ። እስክሪብቶውን አንሥተው በስሙ ላይ ሰረዝ አደረጉ። ቀና ብለው ሳያዩኝ «ይህን ሱሪ ለብሶ ከዚህ ቢወጣ ፒያሳ ሳይደርስ ሌላው ይይዘዋል፤ ያኔ እኔ የለሁም» አሉኝ።

መቀስ ከጉያዬ አይለይም፤ ታውቃለህ። ፈድሉ «እኔ ልቁረጠው?» ቢለኝ እንቢ አልኩ። እዚያው ጠረጴዛው ፊት ተንበርክኬ ሁለቱንም እግር ከጉልበት በላይ ቆረጥኩት። ጨርቁ ጠንካራ ነው፤ እጄን አመመኝ። ከተቀመጡት አንዱ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ፣ «እናቴ፣ የእኔንም ቁረጭልኝ» አለኝ። ሊቀልድ ብሎ ነው አልልም። መቀሱን ወደ ጉያዬ መለስኩት። ይህን ለአንተ የምጽፍልህ ለሌላ ሰው የማልነግረው ስለሆነ ነው። መኪኖቹ ከእኛ በኋላ ወጡ።

ትናንት ዋንጫውን አገራችን በፍጹም ቅጣት ምት በላች። ከተማው ሌሊቱን ሲዘፍን አደረ። አምኃ ከቤት አልወጣም፤ በራዲዮ ነው የሰማው። ሁሉም ሲጮህ እሱም አንዴ ጮኸና በእጁ አፉን ያዘ። የዊንጌት ሜዳ ጓደኞቹ «ጨው! ውጣ፣ አሸነፍን!» እያሉ በሩን ቢደበድቡ «እግሬን ይበርደኛል» አላቸው።

የቆዳ ኳስ አላገኘሁም። ከሱሪው የተቆረጡትን ሁለት እግሮች ግን አልጣልኳቸውም። ፈድሉ እንደ ኳስ ሰፍቶ፣ ከጎረቤት ሸማኔዎች የመሸመኛ ጉድጓድ የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ክር አጭቆበታል። ይነጥራል ማለት ያስቸግራል፤ ሲመቱት ግን ይሄዳል። ጀላል ረቡዕ ይነሣል። ልጁ አጭር ሱሪውን ለብሶ፣ ካርዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። ኬላ ላይ እንዲያስተኛው ለጀላል ነግሬዋለሁ፤ የተኛ ሰው ቁመቱ አይታወቅም።

ጽጌረዳ፣ እናቱ አይደለሁም ያልኩት ለመቶ አለቃው ብቻ ነው።

ብርቅነሽ

አሰብ፣ ጥር 13 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእናታችን ለእትዬ ብርቅነሽ፣

በገባን በወጣን ጊዜ ስምዎን እየጠራን ነው። ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ለእጅዎም ሕመም አይስጠው።

ልጁ ደርሷል። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስለጠፋኝ ነው። ኬላ ላይ እንዳሉት ተኝቶ ነው ያለፈው። ጀላል «ሳስተኛው ሳይሆን ሳስነሣው ነው የተቸገርኩት» ይላል።

ስለ ከተማው የሰፈር ልጆች ሲጠይቁት አንበሳው እንዴት እንደሚተኛ፣ እንጦጦ ላይ የሳተ ኳስ እስከ የት እንደሚወርድ ይነግራቸዋል። ስለ ስታዲየሙ «ሣሩ እውነተኛ ነው» ይላል፤ ከዚያ አይጨምርም። ሌላ ወሬ ከአፉ አልወጣም። እኛም አልጠየቅነውም።

ጽጌረዳ ኳሱን አገላብጣ አይታ «ጨርቁ እኮ ደኅና ነው፤ ፈትቼ ሱሪውን ልቀጥልለት» አለች። አምኃ ከእጇ ነጠቃትና «ኳስ ነው» አላት። ማታ ማታ በአሸዋው ላይ ሲመታው ይሰማኛል፤ ድምፁ እንደ ቆዳ ኳስ አይደለም።

ጥምቀት አለፈ፤ አሥራ ሦስት ሞላው። እንደ ልማዴ ከሰል ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጽጌረዳ ግን ቀድማኝ መቃኑን በእርጥብ ጨርቅ አጥባዋለች፤ የሁሉንም ዓመት ምልክት። ከሰሉን ወደ ምድጃው መለስኩት። አሥራ ስምንት እስኪሞላው አምስት ዓመት አለን፤ ይህን ግን ለአምኃ ማንም አልነገረውም። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ በሩ ከእሱ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ላቀው